ዳንግላ ውስጥ በጋሪ የምትዞረው መኪናዬ

ከሞት አፋፍ ያደረሰኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ጌታነህ ነው፤ ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት። ሰው ሁሉ "ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው" ይለኛል። ለእኔ አላለፈም።

ባሌ ሲሞት አንድ ሚኒባስ ትቶልኛል። ሌላ ሹፌር ልቅጠር ብል ጌታነህ በዘመድ ፊት፣ "እትዬ፣ መሪው ለእኔ ይሁን፤ እርስዎ ጸሎትዎን ይያዙ" ብሎ አሳቀብኝ። ሽማግሌዎቹም ለእሱ ፈረዱ።

ኢንሹራንሱ መኪናዋ ላይ ትንሽ ጥቁር ሳጥን አስገጠመ። ፍጥነቱንና ፍሬን አያያዙን እየመዘገበች ትልካለች። ሹፌሩ ረጋ ብሎ ከነዳ ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ዓረቦን ይቀንሳል፤ ካበደ ይጨምራል። ሦስት ወር በተከታታይ "አነዳድ፦ እጅግ ጥሩ" የሚል መልእክት ስልኬ ላይ መጣ። ሰውዬውን ያለ ስሙ ስም ሰጥቼው ኖሯል ብዬ መረቅሁት። ያ ምርቃት ዛሬም ይቆጨኛል።

የዚያን ዕለት ዳንግላ ለቅሶ ልደርስ ከቆሰበር በዚያችው ሚኒባስ ልሳፈር መጣሁ። ጌታነህ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ዛሬ ጭቃ ነው እትዬ፤ ነገ ቢሄዱስ?"

"ለቅሶ ቀን ይመርጣል?" ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ከከተማው እንደወጣን መኪናዋ ክንፍ አወጣች። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ኧረ ቀስ በል፣ ልጆች አሉኝ!" ቢሉት "እኔም አሉኝ፤ ለምሳ እየጠበቁኝ ነው" አላቸው።

አዲስ ቅዳም ከተማ ልንደርስ ስንል ጌታነህ ከፊታችን ያለውን ከሰል የጫነ አይሱዙ ሊቀድም ወጣ። የአውቶቡስ መብራት ከጉሙ ውስጥ ፊት ለፊት መጣብን። ሰው ሁሉ ጮኸ። አውቶቡሱ የጎን መስታወታችንን ገንጥሎ አለፈ። ጌታነህ ግን አልቆመም።

ኢንሹራንሱ ይህን አይቶልኛል ብዬ ስልኬን አወጣሁ። በሳጥኗ በኩል መኪናዋ ያለችበትን የሚያሳየውን ነገር ልጄ በዚያው ሳምንት ጭናልኝ ነበር። ስልኩ መኪናዬ ዳንግላ ገበያ አጠገብ ናት፣ የምትሄደውም በሰው እርምጃ ነው ይላል። አማተብኩ። የሞትኩ፣ ነፍሴም ቀድማኝ ዳንግላ የገባች መሰለኝ።

ሳጥኗን ከመኪናዋ እንደነቀላት ሲገባኝ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። ይህ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ማንም ሳያየው እንዲህ ሲነዳ ከርሟል። አሁን ብናገረው ተናዶ ይገለብጠናል ብዬ የፊቴን ወንበር እንደጨበጥኩ ዳንግላ ደረስኩ።

ስልኬ ላይ ያለውን ምልክት እየተከተልኩ በእግሬ ሄድኩ። አንድ የፈረስ ጋሪ ጋ አደረሰኝ። ሳጥኗ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ ከመቀመጫው ሥር ታስራለች።

"ጌታነህ በአደራ የሰጠኝ ናት፤ ማታ ማታ ቻርጅ አደርግለታለሁ" አለኝ ባለጋሪው። ከዚያ ሳቀ። "ፈረሴ ይለፋል፣ ምስጋናው ለጌታነህ ነው እናቴ!"

እኔ አልሳቅሁም። ሳጥኗን ከጋሪው ፈትቼ ያዝኩ። ዛሬም ጉም ያለበት መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሄደው።

በማግስቱ ሳጥኗን ኢንሹራንሱ ቢሮ ወስጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ዓረቦኑ ከድሮውም በላይ ጨመረ፤ ከፈልኩ። ጌታነህ "ገበናችንን ለባዕድ አወጣች" ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። ሽማግሌዎቹን በር ላይ መለስኳቸው። የመኪናዋን ቁልፍ ከጌታነህ ተቀብዬ ሌላ ሹፌር ቀጠርኩ።