ግጥም ሳነብ የሰማችኝ ጎረቤቴ

ዛሬ ከሰዓት የሰፈራችን የጸሎት ቡድን በሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ ክፉ መንፈስ ሊያወጣልኝ ሲጸልይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ አንድ አዲስ የግጥም መጽሐፍ በአውቶቡስ ላከችልኝ፤ ጠዋት ሆሳዕና መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ስለ ፍቅር፣ ስለ ማጣትና ሞተው ስለሚመላለሱ ሰዎች የተጻፈ ነው።

ግጥም ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አይሆንልኝም። በጃንሆይ ጊዜ ዱራሜ አስተማሪዎች ሳለን ባለቤቴ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር። ካረፈ ወዲህ ለራሴ የማነበው እኔው ነኝ።

አንዱ ግጥም ላይ ሴትየዋ የሞተ ባሏን ትጠራለች። «ና ግባ፣ በሩን አልዘጋሁትም፣ ወንበርህም ቦታው ላይ ነው» የሚለውን ወድጄው ስደጋግም፣ ጎረቤቴ አልማዝ በአጥሩ በኩል ሰማችኝ።

ብዙም ሳይቆይ የጸሎት ቡድኑን ይዛ መጣች፤ ቤቱ በሰው ተሞላ።

«ቲቸር፣ አይዞዎት። የሚመጣብዎት ባለቤትዎ አይደሉም፣ ክፉ መንፈስ ነው» አለችኝ አልማዝና እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

መጽሐፉ ጋቢዬ ስር ነበር። አውጥቼ ባሳያቸው ስቀው ይሄዱ ነበር።

ግን ለቅሶው ካበቃ ወዲህ እዚህ ቤት ይህን ያህል ሰው ገብቶ አያውቅም። አንዷማ ደክሟት ባለቤቴ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። መጽሐፉን ይበልጥ ጋቢዬ ስር ሸሸግኩት።

ሲወጡ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ «አሁን ለቀቀዎት?» አለችኝ።

«ገና ይመስለኛል። ነገም ብትመጡ» አልኳት።

እናንተስ፣ ሰው ትንሽ እንዲቆይላችሁ ብላችሁ ምን ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ?