ኳሳሩ ሰው ነው በይ

ጠመኔ እንደያዝኩ ከክፍል ወሰዱኝ። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። ክፍሉ ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል።

«ምን አድርገሽ ነው ልጄ?» አሉኝ ከጨንቻ የመጡ እናት።

«ጣሪያዬ ላይ አንቴና ሰቅዬ።»

«ውይ! ለዲሽም ይታሰራል?»

ሳቅ አመለጠኝ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። አንቴናውን የሰቀልኩት ከተማሪዎቼ ጋር፣ ከሰማይ የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ለመስማት ነበር።

መርማሪው የአገሩ ልጅ ነው፤ ትሁት ቢጤ። ላፕቶፔን ከፍቶ ለማስተማሪያ ያስቀመጥኩትን ድምፅ አሰማኝ። ሽሽሽ ይላል።

«ይሄ ማነው?»

«ኳሳር ነው።»

«ሙሉ ስሙን!»

«ሰው አይደለም እኮ። እጅግ ሩቅ ያለ የከዋክብት ስብስብ እምብርት ነው። መሃሉ ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ የቀረበውን ሁሉ ይውጣል። ሁሉን ግን አይችለውም። ከፊሉ ከአፉ አምልጦ በሁለት በኩል እንደፈነዳ ቧንቧ ይረጫል። የዚያን ሞገድ ነው ሳይንቲስቶች ወደ ድምፅ ቀይረው የቀዱት። ከዚያ ሲነሳ ምድር ራሷ አልነበረችም።»

«ቲቸር፣ አትቀልጂብኝ።» ወንበሩን ሳበ። «ኳሳሩ ሰው ነው በይ። የጫካ ሰዎች መልእክት ነው ብለሽ ካሜራ ፊት ተናገሪ። ነገ ልጅሽ ጋ ትገቢያለሽ።»

ልጄ! ቤታችን እዚሁ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው፤ በእግር የሚደረስ። እኔ ካልሠራኋት ጸጉሯን ለማንም አትሰጥም። ማን እያበጠራት ይሆን?

ሲመልሱኝ ለሴቶቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ፊታችንን ልንታጠብ ወጥተን ስንመለስ እናትየው ከአጥሩ ሥር የነቀሉትን እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቴ ተንበረከኩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

«ልጅሽ ታለቅሳለች። ያለሽን በይለትና ግቢላት።»

በጋሞ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ እንቢ ማለት ነውር ነው። ሳሩ የሚያዘው ግን የተጣላ ለማስታረቅ፣ የተቆጣ ለማብረድ ነው። እናቶቼ ደግሞ ለልጄ አዝነው ለውሸት ያዙት። ምን እዋሻለሁ፣ ልቤ እሺ ብሎ ነበር። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

እኔም ተንበረከክኩ።

«እማማ፣ ሰው ነው ካልኩት ተቀባዩስ ማነው ይለኛል። አንቴናውን አብረውኝ የሰቀሉት ተማሪዎቼ ናቸው፣ የሰው ልጆች። እነሱን እንዳስበላ ነው በሳር የሚለምኑኝ?»

እማማ ሳሩን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ እዚህ ምድሩ የሚቀየምበት ነውር ነው። «ጌታ ይቅር ይበለን። ልጄ፣ እውነቱን ተናገሪ።» ሳሩን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፏቸው።

መርማሪው ፊት እንደያዝኩት ቀረብኩ። ካሜራው ተዘጋጅቷል።

«ምን ወሰንሽ?»

«ኳሳር ነው» አልኩት።

እጄን አየ። የአገሩ ልጅ አይደል፣ ሳሩ ምን እንደሆነ አልጠፋውም። ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«መልሻት» አለ ለጠባቂዋ። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቼን ለምርመራ የጠራ አልነበረም።

የተፈታሁት ከብዙ ወራት በኋላ፣ ያለ ክስ ነው። ልጄ በሩ ላይ ቆማ አፈረችኝ፤ ከዚያ ፈገግ ስትል የፊት ጥርሷ የለም። ወልቆ፣ እንደ ልማዱ ጣሪያ ላይ ተወርውሮ፣ አዲሱ ጫፉን ብቅ አድርጓል።

ዛሬም ክፍል ውስጥ ያንን ድምፅ ለተማሪዎቼ አሰማለሁ። ምድር ሳትፈጠር የተነሳ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ደርሶልኛል። እኔ ግን ከዚያው ከተማ፣ ከቤቴ ማዶ ሆኜ፣ ለልጄ የመጀመሪያ ጥርስ መውለቅ አልደረስኩም።