ሳያት ጊታር ስታማርጥ

ሳያት ገብረ መድኅን መቱ ውስጥ፣ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አባቷ ከጎጃም ለመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷ ተወልዳ ያደገችው መቱ ነውና ከደንበኛ ጋር በአማርኛ የጀመረችውን ወሬ በኦሮምኛ ብትጨርስ ማንም ልብ አይለውም። የሚያውቋት ሁሉ የሚያነሱላት ጥንቃቄዋን ነው። አንዲት ፊደል የተዛባችበት ማመልከቻ ከእጇ አይወጣም፤ እንደገና ጽፋ፣ እንደገና አንብባ ነው የምታስረክበው። ይህ ጠባይዋ እንጀራ አብልቷታል። በአንድ ነገር ግን ጎድቷታል።

በ2010 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠና ያሉ ሰው ያረጀ ፎቶግራፍ በፕላስቲክ እንዲለበጥላቸው ይዘው መጡ። በፎቶው ላይ ቁምጣ የለበሱ ልጆች ዘንባባ ሥር ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው ቀጭኑ ጊታር ታቅፏል።

«ይኼ ማነው?» አለች ሳያት።

«እኔ ነኛ! አልመስልም እንዴ?» አሉ ሰውየው እየሳቁ። «ኩባ ነው። አባቴ በሶማሌ ጦርነት ሲሞት እንደኔ ካሉት ልጆች ጋር ላኩኝ። እዚያ ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ የስፔን ሽማግሌ ነበሩ። ፍላሜንኮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ሳያት ማሽኑን አጠፋችው። ፍላሜንኮ የሚባለውን የስፔኖች የጊታር አጨዋወት አንድ ቀን ስልኳ ላይ በአጋጣሚ ሰምታ፣ ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስትዘጋ እሱን ሳትሰማ የማትተኛ ሆና ነበር። ለማንም አልተናገረችም። መቱ ውስጥ ለማን ትናገራለች?

«አሁንም ይጫወታሉ?»

«እሑድ ሁሩሙ፣ ቤቴ ብቅ በይና ራስሽ ፍረጂ» አሏት።

ሰውየው ጋሽ ማርቆስ ይባላሉ። ትውልዳቸው ከምባታ ነው፤ በእንስሳት ሐኪምነት ኢሉባቦርን በእግርም በመኪናም አዳርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ሱቅ ከከፈቱበት ከሁሩሙ ሳይነቀሉ ቀሩ። ሳያት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ጋሽ ማርቆስን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን በሞረድ እያስተካከሉ አገኘቻቸው። ከዚያ ጊታሩን አነሱ።

በስልክ የሰማችው ሌላ፣ ይህ ሌላ ሆነባት። አውራ ጣታቸው ወፍራሙን ክር ሲጎትት የቀሩት ጣቶች እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ፤ መሀል ላይ ደግሞ እንጨቱን በጣታቸው ቋ ያደርጉታል፤ ያ ምት የዜማው አካል ነው። ጠንካራ እጅ ነበራቸው።

«ላምም በዚሁ እጃቸው ነው የሚያዋልዱት» አሉ እትዬ ጥሩ። «ቀስ በል ቢሉት የሚሰማ እጅ አይደለም።»

በተለይ አንድ ዜማ ነበር፤ ሽማግሌው መምህራቸው ያወጡት፣ ስም የሌለው። ከላይ ወደ ታች ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይወርድና፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ማንም ባልጠበቀው በኩል ይታጠፋል። ሳያት ያንን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አታውቅም።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ሄደች። ጊታሩ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት ነበሩ፤ እየተቀባበሉ ይጫወቱበታል። ጥቂት ሳምንታት እንደሄዱ ጋሽ ማርቆስ እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ በሳምንት አንድ ቀን በሚነካ ጊታር ማንም አይማርም። የራስሽን ግዢ።»

«ምን ዓይነት ልግዛ?»

«ክሩ ናይሎን ይሁን። የብረት ክር ጣትሽን ይቆርጥሻል እንጂ ይህን ድምፅ አይሰጥሽም። አንገቱን እንደ ጠብመንጃ አነጣጥረሽ እዪው፤ ከተጣመመ ተዪው። ክሩ ከአንገቱ ብዙ አይራቅ። ሌላው ሁሉ ቀለም ነው።»

«እውነተኛው የፍላሜንኮ ጊታር ጎኑ ከጥድ ነው የሚሠራው ይላሉ።»

«እሱ ለሚችል ሰው ነው። አንቺ ገና ነሽ። ጥዱ ይደርሳል።»

ሳያት ሰማች፤ ግን ልቧ አልተቀበለውም። ማታ ማታ ስለ ጊታር አመራረጥ የሚናገሩ ቪዲዮዎችን ታያለች፤ አንዱ የሚያወድሰውን ሌላው ያጣጥለዋል። አንድ ጊዜ ነው የምገዛው፣ ከተሳሳትኩ ሌላ መግዣ የለኝም፣ ትላለች ለራሷ። እውነቷን ነው፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ገቢ ይታወቃል።

የመጀመሪያውን ጊታር ያመጣላት ሠርግ ቤት እየዞረ የሚጫወተው ጓደኛዋ ደበሳ ነው። ባለቤቱ ከመቱ ሊለቅ ነበርና በደህና ዋጋ ይሸጠዋል። ናይሎን ነው፤ አንገቱም ቀጥ ያለ ነው። ሳያት ብርሃን ላይ አውጥታ አገላበጠችው።

«ፊቱ ተቧጥጧል» አለች።

«ኧረ ማሎ ሳያት! በፊቱ ነው እንዴ የምትጫወቺው?»

«ጎኑ ከምን እንጨት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እኔ አናጢ ነኝ?» ደበሳ ጊታሩን ቀምቷት አንድ ሁለቴ መታው። «ስሚው እስቲ። ለጀማሪ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እስቲ ላስብበት አለችው። አስባ ሳትጨርስ ጊታሩ ለአንድ የጎሬ ሰው ተሸጠ።

ሁለተኛውን ቀለምና ወረቀት ልትገዛ ጅማ በወረደችበት ጊዜ አገኘችው። አዲስ ነው፤ ሽታው ራሱ ደስ ይላል። ክሩ ግን ከአንገቱ ትንሽ ራቅ ብሏል። ትታው መጣች። እሑድ ይህንኑ ስትነግራቸው ጋሽ ማርቆስ ግንባራቸውን ያዙ።

«ክሩ የሚያርፍበትን አጥንት ሞርጄ ዝቅ አደርግልሽ ነበር እኮ! የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለምን አልደወልሽም?»

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች ሳያት። በልቧ ግን ሌላ ተስፋ ይዛ ነበር። አውሮፕላን ላይ የሚሠራው የአክስቷ ልጅ ቢኒያም፣ ማድሪድ በሄደ ጊዜ ከዚያው ባለጥዱን በአቅሟ ፈልጎ ሊያመጣላት ቃል ገብቷል። ቢኒያም ውሸታም አይደለም። አንዴ ሄዶ ሱቁ ዝግ ሆኖ ጠበቀው፤ ከዚያ ወደ ሌላ አገር መመደብ ጀመረ፤ ከዚያ ኮሮና መጣና ዓለም በሩን ዘጋ።

የሁሩሙ ሚኒባስም ቆመ። መሥሪያ ቤቶቹ ጭር ሲሉ የሳያት ሱቅም ጭር አለ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ጠረጴዛ ላይ ስታንኳኳ ትውላለች። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ትርፍ ጊዜ አግኝታ አታውቅም፤ በእጇ ግን አንድም ክር አልነበረም። ጋሽ ማርቆስ ይደውሉላታል።

«ምን አገኘሽ?»

«ቢኒያምን እየጠበቅሁ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔም አንቺን እየጠበቅሁ ነው እኮ» አሏት አንድ ቀን፤ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

በ2013 ጥቅምት ላይ እትዬ ጥሩ ደወሉ። «ሳያት፣ ጋሼሽ በረንዳው ላይ ወደቁብኝ» አሉ።

ሆስፒታል ስትደርስ ጋሽ ማርቆስ ተኝተዋል። ደም ግፊት ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ አንደበታቸውም ከመጎተቱ በቀር ደህና ነበር። ግራ እጃቸው ግን ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ሌላ ሰው እቃ ተቀምጧል። ጊታር ላይ ዜማውን የሚፈልገው፣ አንገቱን የሚይዘው፣ ግራው ነው።

ሳያት ከሆስፒታሉ በቀጥታ ደበሳ ቤት ሄደች።

«ጊታር አምጣልኝ» አለችው።

«ምን ዓይነት?»

«ናይሎን ይሁን እንጂ የፈለገው ይሁን።»

ደበሳ ፊቷን አይቶ ነገር አላበዛም። ከበደሌ አንድ ያገለገለ አስመጣላት። ቫርኒሹ ወፍራም ነው፤ እንጨቱን አልጠየቀችም፤ አንገቱንም አላየችም። ቢኒያም ከወራት በኋላ በረራ ተከፍቷል፣ ልፈልግልሽ ብሎ ሲደውል፣ «ተወው ወንድሜ፣ አልፎበታል» ብላ ዘጋችው።

ጋሽ ማርቆስ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ያንን ጊታር ይዛ ሁሩሙ ሄደች። በቀኝ እጃቸው ክሮቹን ዳበሷቸው።

«ደህና ነው። ይህ ይበቃ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በአገጫቸው ቦታ አመለከቷት። «ነይ በግራዬ ተቀመጪ። አንገቱን አንቺ ያዢ፤ ቀኙ የኔ ይሁን።»

ሳያት አጠገባቸው ተቀመጠች። ጊታሩ ጭናቸው ላይ ነው፤ አንገቱ በእጇ ነው። የዚያን የሽማግሌውን ዜማ መነሻ ሊያስይዟት ነበር።

«ላ» አሉ፣ የክሮቹን አያያዝ በስሙ እየጠሩ። የድሮ እሑዶች ያስተማሯት ነውና ጣቶቿ ቦታውን አገኙት። ቀኝ እጃቸው ተነሣ፤ ክሮቹ ጮኹ። ለአንድ አፍታ ልክ እንደ ድሮው ሆነ። እትዬ ጥሩ ከሱቅ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሶል» አሉ። ያንንም አገኘችው።

«ፋ።»

ለፋ አመልካች ጣት ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ መጫን አለበት፤ ያንን የሚችለው የለመደ፣ የደነደነ ጣት ነው። የሳያት ጣት የለሰለሰ፣ የኮምፒውተር ጣት ነው። ተጫነች፤ ክሮቹ ታፈኑ። የጋሽ ማርቆስ ቀኝ እጅ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ፋ፣ ልጄ… ፋ።»

እንደገና ተጫነች። ስትደርስበት እጃቸው ዝሎ ጭናቸው ላይ ወድቆ ነበር። ደጋግመው ሞከሩ፤ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይበተናል።

«ያኔ ጀምረሽው ቢሆን ዛሬ እኮ ታጫውቺያቸው ነበር» አሉ እትዬ ጥሩ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያው የታያቸውን ነው የተናገሩት።

«ተዪ ጥሩ» አሉ ጋሽ ማርቆስ።

ሳያት ሚኒባስ ውስጥ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ መቱ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሱቅ ሳትከፍት፣ ማታ ከዘጋች በኋላ ያንኑ ፋ ደጋግማ ትጫናለች። ጣቶቿ ቆስለው ደነደኑ። ግን እሷ ስትበረታ ሰውየው ይደክሙ ነበር፤ ቀኙም እንደ ልብ አልነሣ አለ። ገና ብዙ ሳይቆይ ልጃቸው ሀሴት መጥታ ሁለቱንም ሆሳዕና፣ እሷው ጋ ወሰደቻቸው።

ያን ጊዜ ነው ሳያት ስልኳን ከፍታ የእጃቸውን ቪዲዮ የፈለገችው። የስፔን ሰዎች እጅ ሞልቷል፤ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው። የጋሽ ማርቆስ አንድም የለም። ስንት እሑድ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ አንድ ጊዜ አልቀዳቻቸውም። ጊታሬ ሲመጣ ከእጃቸው ነው የምማረው እያለች።

ጋሽ ማርቆስ በ2015 ዐረፉ። ሳያት ሱቋን ዘግታ፣ ጅማ አድራ፣ ሆሳዕና ለቅሶ ደረሰች። ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ጥሩን አቅፋ አለቀሰች። ወደ ማታ ግድም ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሀሴት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባዬ ሁልጊዜ ስምሽን ያነሣ ነበር። ተማሪ አለችኝ ይል ነበር» አለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅ ሆኜ ሲያስተኛኝ የሚጫወተው አንድ ዜማ ነበር። ያ ወደ ታች የሚወርደው። ጠፋብኝ። እስቲ በአፍሽ አሰሚኝ።»

ሳያት አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ለሀሴት ብቻ በሚሰማ ድምፅ አዜመችላት። ላን፣ ሶልን፣ ፋን አልፋ እስከ መጨረሻው ደረጃ ወረደች። ሀሴት ዓይኗን ጨፍና እየሰማች ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አዎ፣ እሱ ነው። ከዚያስ?»

«ከዚያ ይታጠፋል» አለች ሳያት። «በየት በኩል እንደሚታጠፍ ግን ስንቴ ሰምቼው አልያዝኩትም።»

ሀሴት ጥቂት ጠበቀች፤ ምናልባት ይመጣላት ይሆናል ብላ። ሌሎች ለቀስተኞች ሲገቡ ሳያት ተነሣችና ቦታዋን ለቀቀችላቸው።