ሳይታዘዝ የሚወርድ መስታወት፦ ከቁስቋም ጳውሎስ ደርሶ መልስ

ሦስት ሰዓት፣ ቁስቋም

ማክሰኞ ጠዋት ከቤት የወጣነው እናቴን ለማምጣት ነው። የዓይኗ ሞራ ትናንት ተገፍፎላት ጳውሎስ አካባቢ ባለ አንድ የዓይን ክሊኒክ አድራለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትወጣለች። ነርሷ በስልክ ደጋግማ ያስጠነቀቀችን አንድ ነገር ነው፦ «አቧራና ንፋስ እንዳይነካት።»

እኛ ያለችን ደግሞ አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ናት፤ በተሳፋሪው በኩል ያለው የፊት በር መስታወቷ ማንም ሳይነካው ራሱ ይወርዳል። የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ የሚነሳውን አቧራ ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከመውጫዋ ስድስት ሰዓት ያህል ቀድመን ተነሳን። እናቴ መኪናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት መስታወቱ መሠራት አለበት።

«ኮንትራት ታክሲ እንያዝላት» ብዬ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ አልሰማኝም።

«ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ነድቼ የራሴን የገዛሁት እናትህን በኮንትራት ላመላልሳት ነው?»

ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የማይተዋት ሥርዓት አለችው። በየእሑዱ ከእንጦጦ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጣል። ጠዋት ጠዋት አማትቦ መሪው ላይ፣ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ፣ በሩ ላይ በእፍኙ ይረጫል። መስታወቱ መውረድ ከጀመረ ወዲህ አንዱ እፍኝ ሁለት ሆኗል።

እኔ ደግሞ ከኪሴ የማይለይ ደብተር አለኝ። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ ያየሁትን ወዲያው መጻፍን ነው ትምህርት ያደረግኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስታወቱ የወረደበትን ቀንና ሰዓት ስጽፍ ከርሜያለሁ።

«ጻፍ፣ ጻፍ» አለኝ አባቴ ማርሽ እያስገባ። «ለመሆኑ ጀምረህ የጨረስከው ግጥም አለ?»

የጨረስኩት አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ቁልቁለቱ ላይ

ኮብል ድንጋዩ ሲያልቅና የተቆፈረው መንገድ ሲጀምር መስታወቱ «ዝዝዝ» ብሎ ወረደ። አቧራው ጥርሴ ላይ ደረሰ። በጎናችን የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴት ላናግራት የከፈትኩ መስሏት ቆመች።

«እህ? ምን ልትለኝ ነው?»

«ምንም አይደለም እናቴ፣ ራሱ ነው የተከፈተው።»

«ራሱ! እንግዲያው ይሄንንም ሸክም በራስህ ውረድ በለው» ብላ እየሳቀች አለፈችን።

ዘጋሁት። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እንደገና ወረደ። በዓይነ ሕሊናዬ እናቴን ዓይኗ ተሸፍኖ እዚህ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

አራት ሰዓት፣ አዲሱ ገበያ

ሽመልስ የሚባል የመኪና ኤሌትሪሺያን መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ ይሠራል። ከፊታችን ሦስት መኪና ነበር። ሻይና ቦንቦሊኖ ይዘን ጠበቅን፤ ቦንቦሊኖው ሃያ ብር ነው፣ ትኩስ፣ ስኳሩ ጣት ላይ የሚቀር። ተራችን የደረሰው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ሽመልስ የመስታወቱን ቁልፍ ሁለቴ ጫን ጫን አድርጎ፣ በሩን በቡጢ መታ አድርጎ ፈረደ።

«የመስታወቱ ሞተር ነው። ነገ ኑ፣ አፈላልጌ አመጣለሁ።»

«ነገ አይሆንም» አለ አባቴ።

«ሞተሩ ቢበላሽማ መሥራት ያቅተዋል እንጂ ሳይታዘዝ ይሠራል?» አልኩ እኔ።

ሽመልስ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ልጁ መካኒክ ነው?»

«ግጥም ነው የሚጽፈው» አለ አባቴ።

«በቃ ገባኝ! መስታወቱ ግጥሙን እየሸሸ ነዋ።»

ሸራው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ፈገግ አለ፤ እሱ ነው ያመመኝ።

መኪናው ውስጥ ተመለስን። አባቴ ተናዷል። ጠርሙሱን አነሳ፣ «በስመ አብ» አለ፣ ከወትሮው አብዝቶ ረጨ። እኔ እንደ ልማዴ እጁን እያየሁ ነበር። ውሃው በሹፌሩ በር ክንድ ማሳረፊያ ላይ ፈሰሰና አራቱን መስታወት በሚያዝዙት ቁልፎች መሃል ሰረገ። የመኪናዋ ሞተር ተነሳ። በእኔ በኩል ያለው መስታወት ወረደ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ገጹ ሞልቷል። ዓርብና ቅዳሜ አንድ አንድ መስመር ብቻ። እሑድ የሚሞላው ጠርሙስ ደግሞ ረቡዕ ላይ እንደሚያልቅ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ጸበሉ ነው ብሎ መናገር ለእኔም ከበደኝ። «አባዬ፣ በአንተ በር ያሉትን ቁልፎች ልፍታቸው» ብቻ አልኩ።

«ሰውየው ሞተሩ ነው አለ እኮ!»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጠኝ። ካልሆነልኝ ኮንትራት እንጠራለን።»

ሰዓቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «እሺ» አለ።

ሰባት ሰዓት፣ ጳውሎስ

ክሊኒኩ አጠገብ ጥላ ያለበት ቦታ አቆምን። ተማሪዎች ነጭ ጋዋናቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ለምሳ ይሯሯጣሉ፤ አስታማሚዎች ፔርሙዝ ይዘው ያልፋሉ። ፋርማሲ ገብቼ አንድ ጠርሙስ አልኮል ጠየቅሁ።

«ለቁስል ነው?» አለችኝ ሻጯ።

«ለመኪና በር።»

«እንግዲያው ጠዋትና ማታ ጥረጉለት» አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ከሱቅ የጥርስ ብሩሽ ገዛሁ። ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ የብሎን መፍቻ ካቻቢቴ አወጣሁ፤ ፕላስቲኩን እንዳይቧጭረው ጫፉን በጨርቅ ጠቀለልኩት። መስታወቱን ወደ ላይ ዘጋሁ፣ ቁልፎቹን ከበሩ ፈለቀቅኩ፣ ሶኬታቸውን ነቀልኩ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከፍተን ተቀምጠን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። መስታወቱ ንቅንቅ አላለም።

«ሞተሩ ደህና ነው» አልኩ። «ትእዛዙ ነው የተበላሸው። እንደተነቀለ ይቆይ፣ ለዛሬ ይበቃል።»

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። «ግማሽ ላይ ልትተወው ነው?»

ፊቴ ጋለ። የቁልፎቹን ሣጥን ከፈትኩት። ውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ናስ ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል፤ ጠርዙ ላይ ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ምልክት አለ። ለአባቴ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አገላበጠው። ጠርሙሱን አየ። እንደገና ሣጥኑን አየ።

«እኔ ነኛ ሳጠጣት የከረምኩት!»

«ለደህንነታችን ብለህ ነው።»

«እሱማ ነው። ሲብስባት ደግሞ እጨምርላታለሁ!» አለና ትከሻው እስኪርገበገብ ሳቀ። ሳቁ ውስጥ እፍረትም ነበረበት፤ እንዳላየሁ ሆኜ አጎነበስኩ።

ናሱን በአልኮልና በብሩሽ ፈተግሁ። ጣቴን የፕላስቲኩ ጠርዝ ቆረጠኝ። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የተጠመዘዘች የሽቦ ሞላ ተስፈንጥራ ወንበር ሥር ገባች፤ እኔ ላብ በላብ ስሆን አባቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ አገኛት። «የሹፌር ዓይን ነው» አለ። አንድ ላይ ገጠምናት። ሁሉንም ፀሐይ ላይ አደረቅነው፣ መለስነው፣ ሶኬቱን ሰካሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አራቱም መስታወቶች ሲታዘዙ ወጡ፣ ሲታዘዙ ወረዱ። አካባቢውን ሦስቴ ዞርን። ደብተሬ ላይ የምጽፈው አጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ መልስ

እናቴ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ በአባቴ ክንድ ተደግፋ ወጣች። የፊት ወንበሩን ለቀቅኩላት።

«ያ መስኮት እንዳይወርድብኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ተሠርቷል።»

«ማን ሠራው?»

«ልጅሽ ነዋ!» አለ አባቴ፣ የክሊኒኩ ዘበኛ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብሎ። «ኤሌትሪሺያኑ ያልገባውን! ጀምሮ ጨረሰው።»

የተቆፈረው መንገድ ላይ አንድ ሲኖትራክ አቧራውን አስነስቶ በጎናችን አለፈ። እኔ ከኋላ ወንበር እስትንፋሴን ያዝኩ። አቧራው መስታወቱ ላይ አረፈ፤ መስታወቱ ባለበት ቆመ። እናቴ በደህናው ዓይኗ እያየች መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። እስከ ቤታችን በር አላነሳችውም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቀላል ነው፦ ማየት እችል ነበር፤ የጎደለኝ እስከ መጨረሻው አብሮ መቆየት ነው። በማግስቱ ጠዋት አንድ ግጥም ጨረስኩ፤ አጭር ናት፣ የማንንም እርማት አልጠየቅሁባትም።

ግቢ ስወጣ አባቴ ጠርሙሱን ይዞ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። የኋላ ጎማዋ ላይ ጥቂት ረጨ፣ በሯን ሳይከፍት።

«እሷን ውጭ ውጭው ይበቃታል» አለ። «እጅህን አምጣ።»

ሁለቱን መዳፎቼን ዘረጋሁ። የቀረውን ጸበል በሙሉ አፈሰሰልኝ፤ የተቆረጠችው ጣቴ ላይ ሲደርስ ቀስ አለ።