ጨንቻ ወጥቶ የዳነው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ ሲደርሰን ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩትና የላከው ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ሲፒዩው ቀርቷል» አልኩት ቆጣ ብዬ። መሥሪያ ቤት የምጽፍበት ኮምፒውተር ከጠረጴዛው ሥር የሚቀመጥ ትልቅ ሳጥን ነበረው፤ ሁላችንም ሲፒዩ የምንለው እሱን ነው። ወንድሜ ሳቀብኝ፣ ሳቀብኝና «ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው፤ ካላመንሽ ክፈቺውና እዪው» ብሎ ዘጋው። ስልክ የዘጋብኝን ሰው እኔ ቶሎ አልረሳም።

ጊዜው ሚሊኒየሙ በገባ በሁለተኛው ዓመት ግድም ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ በአሥር ጣቴ፣ ቁልፎቹን ሳላይ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ የምጽፍ ጸሐፊ። ኮምፒውተር ማለት ለእኔ ቁልፎቹ ነበሩ። ከቁልፎቹ በታች ምን እንዳለ ጠይቄም አላውቅም ነበር፤ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ መካኒክ መሆን አለበት እንዴ?

ላፕቶፑ የተላከው ግን ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ፣ ከደጋዋ ከጨንቻ ልጅ አግብቶ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ የቀረ ሰው ነው። እናቴ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ጡረታ ሲወጣ ያየውንና ያስተማረውን ሁሉ መጻፍ ጀመረ፤ ሦስት ደብተር በእጁ ከጻፈ በኋላ መስመሮቹ እየተደራረቡ መጡ። ሐኪም ቤት ስወስደው ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው ተባለ። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን» አለች ሐኪሟ፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን አልነገረችንም። ላፕቶፑ ላይ ፊደሉን እንደ በቆሎ ፍሬ አግዝፌ ስሰጠው ማየት ቻለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩጫው ከዓይኑ ጋር ሆነ፤ ዓይኑ ሳይቀድመው መጨረስ አለበት።

በአንድ ጣት ነበር የሚጽፈው። አመልካች ጣቱን ከፍ አድርጎ፣ ፊደሉን ፈልጎ፣ ሲያገኘው ያረፈደ ተማሪ ያገኘ ይመስል ይኮረኩመዋል። «አባባ ቀስ፣ ይሰበራል» እለዋለሁ። «ዝም በይ፣ እኔ ካንቺ በፊት ነው ፊደል ያወቅኩት» ይለኛል። መቀመጫው ማንጎው ሥር ያለው የገመድ አልጋ ነው፤ ከቤት በተዘረጋ ረጅም ገመድ ኤሌክትሪክ አደርስለታለሁ፤ ምክንያቱም ባትሪው ሲመጣም ያለቀለት ነበር። በሁለተኛው ቀን ላፕቶፑ ጉልበቱን እንዳቃጠለው ነገረኝ። እኔም ዘዴኛዋ የጨንቻ ጋቢውን አራት አጠፍኩና ከሥሩ አነጠፍኩለት። በአርባ ምንጭ ሙቀት ጋቢ ማን ይለብሳል? ቢያንስ ለዚህ ይጥቀም ብዬ ነው። በራሴ ኮራሁ።

ጥቂት ወራት እንደ ሄደ ላፕቶፑ መጥፋት ጀመረ። ሳያስጠነቅቅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል፣ ድርግም። መጀመሪያ በሰዓት አንዴ፣ ኋላ በየሩብ ሰዓቱ። ውስጡ የሆነ ነገር ይጮሃል፣ ሆዱ ይግላል፣ ከዚያ ጨለማ። አባቴ ሴቭ ማድረግ ስለማይወድ የጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ ገጽ ሙሉ ጠፍቶበት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት። «ያችን ገጽ ለመጻፍ ከማለዳ ጀምሮ ዓይኔን ሳፈጥ ነው የዋልኩት» አለኝ። እኔ ደግሞ ደረቋ፣ «እንዲህ እየኮረኮምከው እንዴት አይጠፋ!» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ንግግር ነው።

ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወዳለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድነው። በዚያን ጊዜ የከተማችን ጠጋኞች ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነበራቸው፤ ፎርማት፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ላፕቶፑ ቢንቀራፈፍ ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባው ፎርማት፣ ወድቆ ቢሰነጠቅም ሳይሞክሩት አይቀሩም። ልጁ ክዳኑን ከፈተ፣ አበራው፣ ድምፁን ሰማ።

«ፎርማት ይፈልጋል፤ ማዘርቦርዱም ሳይሄድ አይቀርም» አለ። «ሁለት ሳምንት እዚህ ይቆይ ፋዘር፣ ወረፋ አለብን።»

«ውስጡን ሳታይ ነው ማዘርቦርድ የምትለው?» አልኩት።

«እህት፣ ስንቱን አይቻለሁ።»

አባቴ ሁለት ሳምንት የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ጽሑፉ አላስጨነቀኝም፤ በፍላሽ ቀድቼ ይዤዋለሁ። ያስጨነቀኝ ዓይኑ ነው። ዓይኑ የሁለት ሳምንት ወረፋ አይጠብቅም። ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ በክንዴ ሥር አደረግኩና ወጣሁ።

መስቀል ደረሰ። ለመስቀል ጋሞ ያገባ ሰው እቤቱ አይቀርም፤ ጨንቻ ወደ እናቴ እህት ወጣን። አባቴ የታመመውን ላፕቶፕ ካልያዝኩ አለ። እኔም ለበዓል እዚያ ተቀምጦ ሲበሳጭ ታየኝና አጉረመረምኩ፤ ግን ያዝነው። ያን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ በየመታጠፊያው አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። አክስቴ ቤት ስንደርስ አባቴ ጋቢውን ደርቦ ላፕቶፑን የእንጨት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና መጻፍ ጀመረ።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ቅቤ የጠገበው ገንፎ ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ጎረቤት ገብቶ፣ መርቆ ወጣ፤ ላፕቶፑ አልጠፋም። እኔ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። አክስቴ አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ገርመም አድርጋኝ አለፈችና፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ታየዋለህ? ቆላ ነው ያሳመመው። ሰውም ወባ ሲይዘው እዚህ ይወጣል፣ ይድናል» አለችኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ትክክል ናታ! በሦስት ቀን አንድ ጊዜም አልጠፋም፤ አባቴ በአርባ ምንጭ በወር ያልጻፈውን ጻፈ። ማዘርቦርዱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ጨንቻም ይዘነው ብንወጣ አይነሳም ነበር። «በሽታው ሙቀት ነው፣ አገኘሁት!» ብዬ ስፎክር አባቴ ከጽሑፉ ቀና ሳይል፣ «ሳይገድሉ ጎፈሬ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስንመለስ ቬንቲሌተር አምጥቼ ደገንኩበት፤ ጠፋ። ከማለዳው አየር ጋር ይሻለዋል ብዬ ጎህ ሲቀድ አስነሳሁት፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። በንዴት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳየው፣ ጋቢው እንደ ልማዱ አራት ታጥፎ ከላፕቶፑ ሥር ተኝቷል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ጨንቻ ጋቢው የት ነበር? አባቴ ትከሻ ላይ ነበራ! ላፕቶፑን አንስቼ ሆዱን ገለበጥኩት። በቀጫጭን መስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጠጋ ብዬ ሳይ ነጭ ነገር ወትፏቸዋል። በጥፍሬ ሳብኩት። ጥጥ ነው።

ላፕቶፑ አየር የሚስበው በሆዱ ነው ለካ፣ እኔም ለወራት አፉን በጋቢ ይዤዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ማንም ይክፈተው አላልኩም። ሲቀላ ካለ ሰዓት ሠሪ ትንሿን መፍቻ ተዋስኩ። በትልቅ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ሆድ በእርሳስ ሳልኩና ያወጣሁትን እያንዳንዱን ብሎን በወረቀቱ ላይ በወጣበት ቦታ በፕላስተር ለጠፍኩት፤ መሥሪያ ቤት ፋይል የማደራጅ ሴት ብሎን አይጠፋባትም። ገመዱን ነቀልኩ፣ ባትሪውን አወጣሁ፣ ክዳኑን በጥፍሬ ቀስ ብዬ አነሳሁት። አባቴ ከአጠገቤ ሆኖ፣ «ምን አለ? ምን ይታያል?» ይለኛል። ዓይኑ እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር አይለይለትም።

እየዳሰስኩ ነገርኩት። አንደኛው ጥግ ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ክብ ማራገቢያ፣ ፋን የሚሏት፣ አለች፤ ከእሷ የመዳብ ቧንቧ ተነስቶ ወደ መሐል ይሄዳል፤ ቧንቧው የተኛባት ትንሽ ካሬ ነገር ናት ሲፒዩ ማለት። ያን ሁሉ ዓመት ትልቅ ሳጥን እያልኩ የጠራኋት ከብስኩት ታንሳለች። ጣቱን ይዤ ሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀመጥኩለት። «የጻፍከው ሁሉ እዚህ ነው ያለው» አልኩት። ጣቱን ቶሎ አላነሳም።

ከፋኗ ጀርባ ሙቀቱ የሚወጣባቸው ብረቶች አይታዩም፤ አቧራና ጥጥ ተጠቅጥቆ ቁራጭ ብርድ ልብስ ሆኗል። በወረንጦ ስስበው ሙሉውን ወጣ። ፋኗ እንዳትዞር በክብሪት እንጨት ይዤ የቀረውን በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ጠረግኩ። ያወጣሁትን ነገር አባቴ እጅ ላይ አደረግኩለት።

«ጋቢው ነው» አልኩት። «እኔ ነኝ ያነጠፍኩት። አንተን ነበር ስወቅስ የከረምኩት፣ ይቅር በለኝ።»

በጣቶቹ ፈተለው። «የጨንቻ ጥጥ ጥሩ ነው፣ አይበጣጠስም» አለና ሳቀ። ከዚያ በላይ አልተቆጣኝም።

በዚያው ቀን፣ በጠራራው ስምንት ሰዓት፣ ከማንጎው ሥር የሳጥን ክዳን ላይ አስቀምጬ አበራሁት። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ሠራ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጠጋኙ ቤት ድረስ ሄጄ «ማዘርቦርዱ ሰላም ይልሃል» ልለው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በወሩ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ኮምፒውተር የጋለበት ሁሉ እኔን መጥራት ጀመረና ለነገር የሚሆን ጊዜ አጣሁ።

አባቴ ዘጠኝ ወር ጻፈ። ፊደሉን በየወሩ አገዝፍለታለሁ፤ በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ስክሪኑን ሞላው፤ ከዚያ እሱንም ማየት አቃተው። ዓይኑ ቀደመው። አለቀስኩ፤ እሱ ግን አላለቀሰም። «አንቺ ጣት አለሽ፣ እኔ አፍ አለኝ» አለኝ። ከሥራ ስመለስ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የተማሪዎቹን፣ የዳስ ትምህርት ቤቱን፣ በእግር የሄደባቸውን መንገዶች ሁሉ በዚያ ዓይነት ጨረስን። አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀረ፤ የእናቴ። እዚያ ስንደርስ ደከመኝ አለ። በማግስቱም ደከመኝ አለ። ሳምንት ሙሉ ደከመው።

ሰነፈ ብዬ ልቆጣው ስል ነገሩ ገባኝ። ለእናቴ ያለውን ነገር ለእኔ እየነገረ ሊያስጽፈኝ አይችልም። የእኛ አገር አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር በአፉ አይናገርም።

በማግስቱ ላፕቶፑን ፊቱ አስቀመጥኩና ሁለቱን አመልካች ጣቶቹን ያዝኩ። «ይሄን ዳስስ» አልኩት። ኤፍና ጄ የሚባሉት ቁልፎች ላይ አበጥ ያለች ቀጭን መስመር አለች፤ ማንኛውም ጸሐፊ ሳያይ ቦታውን የሚያገኘው በእሷ ነው። ዳሰሳት። መልሶ ዳሰሳት። «ይቺ መጀመሪያም ነበረች?» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔ አስተማሪ፣ እሱ ተማሪ ሆንን። ሁለት ወር ፈጀብን፤ ሲሳሳት ጣቱን መታ አደርገዋለሁ፣ «እኔ ተማሪ አልመታሁም» ይለኛል፣ እሱ ያስተማራቸው ሁሉ ውሸቱን እንደሆነ ያውቃሉ። መጀመሪያ ሀ ሁ፣ ቀጥሎ ስሙን፣ ቀጥሎ የኔን ስም ጻፈ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣቶቹን በቦታቸው አስቀመጠና ቀና አለ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«በይ ውጪና በሩን ዝጊልኝ።»

ወጣሁና ዘጋሁት። ከበሩ ውጭ ቆምኩ። የቁልፍ ድምፅ ለይቶ ማወቅ ሥራዬ ነው፤ ቃል መለያዋ ሰፊዋ ቁልፍ ወፈር ያለ ድምፅ አላት፣ ማጥፊያዋ ደግሞ ሲደጋገም ይታወቃል። መጀመሪያ አንድ አንድ እያለ መታ፣ ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ ቀጠለ። ለእኔ ሲያስጽፈኝ በየመስመሩ «ይሄን አጥፊው፣ እንደገና እንበለው» የሚል ሰው ነበር። ያን ቀን እስኪመሽ ጻፈ፤ ማጥፊያዋን ግን አንድ ጊዜም አልነካትም።