ከሲኒማ ራስ እስከ በርበሬ በረንዳ፣ በጨለማ

የያዙኝ ፀሐይ ሳይ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አላሳቀኝም።

የታኅሣሥ ጠዋት ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እንደ ወትሮዬ ከሲኒማ ራስ ወደ በርበሬ በረንዳ በእግሬ ስሄድ አንድ ነጋዴ ብረት ድስቶቹን ደጃፉ ላይ ሰቅሎ ጨርሷል። ፀሐይዋ ድስቶቹ ላይ አርፋ፣ ማዶ ያለውን አሮጌ ግድግዳ በብርሃን ክቦች ሞልታዋለች። ነፋስ ድስቶቹን ሲነካቸው ክቦቹም ይወዛወዛሉ። ቆሜ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ከግድግዳው ሥር መሣሪያ የያዘ ፖሊስ መኖሩን ያየሁት ወደ እኔ መምጣት ሲጀምር ነው።

ጣቢያ ውስጥ መርማሪው ስለሚፈርሱ ቤቶች በማኅበራዊ ሚዲያ የጻፍኩትን ሁሉ ከስልኬ አወጣ።

"ማን ልኮህ ነው?"

"ማንም። ፀሐይዋ አምራ ነው።"

"ፀሐይ የትም አለች። የኛ ልጅ የቆመበትን ለምን መረጥክ? የጥበቃ ቦታ ሳጠና ተያዝኩ ብለህ ፈርም፤ ይቀልልሃል።"

አልፈርምም አልኩት።

የገባሁበት ክፍል መስኮት የለውም። የሽንት ባልዲና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ተቀበለኝ። እስረኛው የመረጣቸው ካቦ፣ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ ጎጃም በረንዳ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ለምን እንደታሰሩ የነገራቸው የለም። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል፤ የሚያሽላቸው ጠዋት ጠዋት ግቢ ወጥተው የሚሞቋት ፀሐይ ብቻ ናት።

በማግስቱ በሩ ሳይከፈት ቀረ። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ፣ "አዲሱ እስኪፈርም ፀሐይ የለም" ብሎን ሄደ።

እኔኑ ቢደበድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እግዜር ለደጉም ለክፉውም የሚያወጣትን ፀሐይ፣ እንደ ጓዳው አምፖል አጠፋብን!

እንዲሁ ሰነበትን። ሽማግሌው ለመነሳት ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ልቤ አልቻለም።

"ጋሼ፣ ልፈርምና ይለፍልዎት" አልኳቸው።

"በኔ ጉልበት አሳበህ እንዳትዋሽ!" ብለው ተቆጡኝ። "ይልቅ ያን ቀን የት ልትደርስ ነበር?"

"በርበሬ በረንዳ።"

"መንገዱን ሳትጨርስ ነዋ የያዙህ። በል ተነስ፣ ወክ አስወጣን።"

የክፍሉ ልማድ ነበር። በሩ ሳይከፈት ሲቀር አንዱ የሚያውቀውን መንገድ እየተናገረ ይቀድማል፤ ሌላው ግድግዳውን ታኮ እየተከተለ ይዞራል።

ከታክሲ መያዣው ጀመርኩ። "አሁን በሰማያዊ ሸራ ሥር እያለፍን ነው፤ ፊታችን ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል።" አንዱ ፊቱን ዳሰሰ። "ተሸካሚው ጆንያውን አውርዶ ቆሟል፤ ከጀርባው እንፋሎት ሲወጣ በፀሐይዋ ይታያል።"

"ብርድ ነዋ!" አለ ሌላው።

ድስቶቹ ጋ ስንደርስ ቶሎ ለማለፍ ሞከርኩ። ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙና፣ "ቁም፤ በደንብ እንየው" አሉ። ሁላችንም ቆምን። በርበሬ በረንዳ ገብተን፣ የበርበሬው ብናኝ በፀሐይዋ ቀልቶ ይታያል ከማለቴ አንዱን አስነጠሰው። ወዲያው ሌላውም ተከተለው። ሳቃችን ጠባቂውን አመጣው።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ፀሐይ እየሞቅን" አሉ ሽማግሌው።

አልፈረምኩም። በኋላ ማጣራቱ አልቋል ብለው ለቀቁኝ፤ ይቅርታ ያለኝ ግን የለም፣ ስልኬንም አልመለሱልኝም። ሽማግሌው ከእኔ በኋላ ብዙ ቆይተው በምርኩዝ ወጡ። ያ ምርኩዝ ባየሁት ቁጥር ደሜን ያፈላዋል።

ዛሬም በዚያው መንገድ እሄዳለሁ። ድስቶቹ ጋ ስደርስ ልቤ ይመታል፤ መፍራቴ ራሱ ያናድደኛል፤ ቢሆንም እቆማለሁ። ሰሞኑን አንድ ጠዋት ሽማግሌው አብረውኝ ነበሩ። ክቦቹ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛሉ፣ ከሥራቸው አንድ ወጣት ፖሊስ ቆሞ በጥርጣሬ ያየናል። መንገዱን ልቀጥል ስል ሽማግሌው እጄን ይዘው አስቀሩኝ።

"ልጄ" አሉት ፖሊሱን፣ በምርኩዛቸው ከኋላው ያለውን ግድግዳ እያሳዩት፣ "እስቲ ዞር በልና እየው። ይህን ሰው ያሰራችሁት በዚህ ነው።"

ፖሊሱ ዞረ።