ከፓርኪንጉ ጎን ያለው ስክሪን

በአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ዶሃ ከገባሁ ገና ዓመቴ ነበር። አል ነስር የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሆኜ አራት ስክሪኖች ፊት እቀመጣለሁ፦ የበሩ፣ የፓርኪንጉ፣ የሊፍቱና የጓሮው። ክፍል የምጋራቸው ሾፌሮች «ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ማየትም ሹግል፣ ሥራ ሆነ!» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ ግን በዐይኔ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአምስተኛ ፎቅ ቆሻሻ ልትጥል የወረደች ያገሬ ልጅ ጓሮ አገኘችኝ። አንገቴ ላይ ማተብ አይታ ነው የደፈረችኝ።

«ወንድሜ፣ ማዳም ስልኬን ከወሰደችብኝ ሦስት ወር ሆነ። እናቴ ታማ ነበር፤ ትኑር አትኑር አላውቅም። የታላቄን ቁጥር ጽፌ ባመጣልህ ትደውልልኛለህ?»

«አሁኑኑ ንገሪኝ።»

ቁጥሩን በቃሏ አታውቀውም፤ ሻንጣዋ ውስጥ ነው። በፊት ለፊት በር ማለፍም ተከልክላለች። ስለዚህ ወረቀቱን የያዘች ቀን ሊፍቱ ውስጥ ማተቧን ወደ ካሜራው ከፍ ልታደርግ፣ እኔም ጓሮ ልወጣላት ተስማማን።

«ዐይኔ ከሊፍቱ አይነቀልም፣ እህቴ» አልኳት።

በማግስቱ የባለ ሕንፃው መኪና ተጭሮ ተገኘ። የፓርኪንጉ ካሜራ ያንን ጎን አላሳየም ነበርና የሕንፃው ማናጀር አዙሮት «የጫረው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ካልያዝከው ኸላስ፣ አበቃ፣ ወደ አገርህ!» አለኝ። ከዚያ በየአሥር ደቂቃው ይደውላል፦ «አየኸው? ያላ፣ በል፣ ከፓርኪንጉ ዐይንህን እንዳታነሳ!» ሦስት ቀን ሙሉ መኪና ላይ አፈጠጥኩ። ሊፍቱ እዚያው አፍንጫዬ ሥር ነበር፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ ይታየኛል፣ ማን እንደሆነ ግን አላይም። በሦስተኛው ቀን ወንጀለኛውን ያዝኩ፤ ነፋስ የሚገፋው ባለቤት የሌለው የዕቃ ጋሪ ነበር። ማናጀሩ «ማሻአላህ፣ ዐይን ማለት ያንተ ነው!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሳምንቱ የአምስተኛ ፎቅን ሾፌር ስለ ልጅቷ ጠየቅኩት። አሠሪዎቿ ለሌላ ቤት ሰጥተዋታል፤ የት እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ያን ጊዜ ቀረጻውን ወደኋላ መለስኩ። ሦስቱንም ቀን ነበረች። በመጀመሪያው ማተቧን ይዛ ፈገግ ብላለች። በሁለተኛው ክንዷ እስኪዝል ይዛው ቆየች፤ ጓሮም ወጥታ በሩን በሩን ታያለች። በሦስተኛው ማተቡን ተወችውና ወረቀቱን ዘርግታ፣ በእግር ጣቷ ቆማ ካሜራው ላይ አስጠጋችው።

ምስሉን አቁሜ አጎላሁት። ያልሞከርኩት የለም። ዜሮ ዘጠኝ የሚለው ይነበባል፤ ያማ የሁላችንም ቁጥር መጀመሪያ ነው። የቀረው ደብዝዟል።